አፍልቼው ነበር

ቢሰጥ ውሃ መርማሪ ነበር። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ በስተ ሰሜን፣ በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ በሚርቅ የመንግሥት የጥጥ እርሻ ውስጥ፣ በአፈርና ውሃ ላቦራቶሪ ዘጠኝ ዓመት አገልግሏል። ከቦዩና ከየማሳው በጠርሙስ እየቀዳ የውሃውን ጨው ይለካል፤ ጥጡ ጨው የበዛበት ውሃ ከጠጣ ይጫጫልና። የሠራተኛው ሰፈር ግን የሚያውቀው በጨው ሳይሆን በዓሣ ነበር። «ዓሣ ቀላቢው» ይሉታል።

ዓሣዎቹን የተወለት ስቶያን የሚባል የቡልጋሪያ ባለሙያ ነው። ሰውየው ውሉን ጨርሶ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲሰናዳ፣ ሳሎኑ ውስጥ ያኖረውን ትልቅ የመስታወት ገንዳ ከነጠጠሩና ከነዓሣዎቹ ለቢሰጥ አስረከበው። ከገንዳው ጋር የውሃ መመርመሪያ ጠብታ የያዙ ትንንሽ ጠርሙሶች ያሉበት ሣጥንም ሰጠው።

«ዓሣ የሚኖረውም የሚጸዳዳውም እዚያው ውሃ ውስጥ ነው» አለው በተሰባበረ አማርኛ። «ያ ቆሻሻ መጨረሻው ናይትሬት ይሆናል። ናይትሬት አይታይም፣ አይሸትም። ውሃው ኩልል ብሎ ሳለ ዓሣው ይሞትብሃል።»

ዘዴው ቀላል ነበር። ከገንዳው ጥቂት ውሃ በብልቃጥ ተቀድቶ ጠብታው ይጨመርበታል። ቢጫ ከሆነ ደህና ነው፤ ወደ ብርቱካን ካደላ ጥንቃቄ ያሻዋል፤ ደም ከመሰለ ዓሣው አልቆለታል። ናይትሬቱ እንዳይጠራቀም በየሳምንቱ የገንዳውን ሩብ ውሃ ደፍቶ በአዲስ መተካት ነው። ሁሉንም ባንድ ጊዜ መለወጥ አይገባም፤ ዓሣው ይደነግጣል።

ቢሰጥ ይህን እንደ ሃይማኖት ያዘው። እሑድ እሑድ ጠዋት የጎማ ቱቦውን አንድ ጫፍ ገንዳው ውስጥ ይነክርና ሌላውን በአፉ ስቦ ወደ ባልዲው ይለቀዋል። ቱቦውን ጠጠሩ ላይ እያንሸራሸረ ዝቃጩን ያወጣል። አዲሱ ውሃ ከቦይ የተቀዳ ነው፤ ጭቃው እንዲጠልል ሁለት ቀን በርሜል ውስጥ ያድራል። ሚስቱ ውባንች በሩ ላይ ተደግፋ ትስቅበታለች።

«እኔ ብታመም እንደዚህ ታስታምመኛለህ?»

«አንቺ ምን በወጣሽ ትታመሚያለሽ» ይላል እሱ፣ አፉን ከቱቦው ቅምሻ እየጠረገ።

ሰባት ዓመት ልጅ ጠብቀዋል። ሁለቴ አስወርዷታል። በግንቦት መጀመሪያ፣ በስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት የተጀመረው አብዮት አሥረኛ ዓመቱን ሊያከብር ሽር ጉድ በሚባልበት በሰባ ስድስቱ ክረምት ዋዜማ፣ ሴት ልጅ ተወለደችላቸው። የዓለምወርቅ አሏት። ቢሰጥ ከሥራ ሲመለስ ገንዳው ፊት አቅፏት ይቆማል። ዓይኗ ዓሣዎቹን መከተል ገና አልቻለም፤ የመስታወቱ ብርሃን ግን ይስባታል።

ልጅቷ አንድ ወር ሲሆናት የውባንች ጡት ቆሰለ። መግል ቋጠረ፣ ትኩሳቱ አንቀጠቀጣት፤ የሰፈሩ ክሊኒክ ቁስል አካሚ፣ ድሬሰሩ፣ ቀዶ አፈሰሰላት። እሷ ዳነች፤ ወተቷ ግን ደረቀ። ቢሰጥ አዋሽ ወርዶ የዱቄት ወተትና ጡጦ ገዝቶ መጣ።

በዚያው ሰሞን ነው ለሠራተኛው ሰፈር የእጅ ፓምፕ የተተከለው። ጉድጓዱ የተቆፈረው ከቤቶቹ መደዳ ጀርባ፣ የድሮው የማዳበሪያ መጋዘን ከነበረበት ግርጌ ነው፤ ውሃው እዚያ ቅርብ ነበር። የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ጓድ ከተማ ሪባን ቆረጡ። ሴቶቹ እልል አሉ። ጭቃ መጠጣት ቀረ፤ እንደ መስተዋት የጠራ፣ የቀዘቀዘ ውሃ መጣ። የመጀመሪያውን ጠርሙስ ቀድቶ የመረመረው ቢሰጥ ራሱ ነው። ጨዉ ዝቅተኛ ነበር። «ለመጠጥ ተስማሚ» የሚለው ወረቀት ላይ ፈረመ። ናይትሬቱን አልለካም። የላቦራቶሪው መመርመሪያ ካለቀ ዓመት አልፎታል፤ እቤቱ የቀረችውን የስቶያንን ጠርሙስ ደግሞ ለዓሣዎቹ ይቆጥባታል።

ውባንች ያን ንጹሕ ውሃ እንኳ አላመነችውም። የጤና ጥበቃ ሰዎች «ለሕፃን ውሃ አፍሉ» ብለው አስተምረዋል። ጠዋት አንዴ ታፈላዋለች። ልጅቷ ልትጠባ ስትል እንደገና ትጥደዋለች። የድስቱ ውሃ ግማሹ ተንኖ እስኪጎድል ታንተከትከዋለች እንጂ አንድ ጠብታ ጥሬ ውሃ ለልጇ አልሰጠችም። ጡጦውንም ትቀቅለዋለች። ጎረቤቷ ኑራ፣ ከወሎ መጥታ ከባሏ ከከድሩ ጋር የሰፈሩን ሻይ ቤት የምትሠራው ነፍሰ ጡር፣ እየመጣች ታያትና «እንዳንቺ ጽዱ እናት አላየሁም፣ ወላሂ» ትላታለች።

ፓምፑ ከተተከለ ወዲህ ቢሰጥ ለገንዳውም የሚቀዳው ከዚያው ነበር። በሐምሌ መጀመሪያ እሑድ ገንዳውን ሲመረምር ውሃው ወደ ብርቱካን አደላ። ምግብ አብዝቼ ይሆናል ብሎ ቀነሰ። ከፓምፑ ቀድቶ ሩቡን ለወጠ። በሳምንቱ ሲያየው ባሰ። ጠጠሩን አውጥቶ አጠበ፤ ሩቡ ቀርቶ ሲሦውን፣ በሳምንት አንዴ ቀርቶ ሁለቴ ለወጠ። የበለጠ በለወጠ ቁጥር ብልቃጡ የበለጠ ቀላ። ነገሩ ግራ ገባው። ዓሣዎቹ መብላት ትተው ውሃው አናት ላይ ተሰብስበው ያለከልኩ ጀመር።

ልጅቷም እንደዚያው ከሰሞኑ ደህና አልነበረችም። ከንፈሯና የጥፍሮቿ ሥር አመድ የነካው ሰማያዊ ሆነ። ስትጠባ ይደክማታል፤ ጡጦውን አፏ ላይ እንደያዘች ታንቀላፋለች። ድሬሰሩ ደረቷን አዳመጠ።

«ሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ወይ ልቧ ነው።» ፔኒሲሊን ወጋት። ለውጥ የለም።

ሐምሌ ሃያ ሦስት ሰማንያ ቀኗ ሞላ። ክርስትና ለማንሳት አዋሽ ወሰዷት። ክርስትና እናቷ ወይዘሮ ማሚት በምድር ባቡሩ ሠራተኞች ሰፈር የሚኖሩ የባቡር ጠባቂ ሚስት ናቸው። «አራስ ቤት ያልጠና ልጅ ይዛችሁ በዚህ ሐሩር አትመለሱም» ብለው እናትና ልጅን እሳቸው ዘንድ አስቀሯቸው። ቢሰጥ ለሥራ ተመለሰ።

በሦስተኛው ቀን የልጅቷ ከንፈር ቀላ። በአምስተኛው ሳቀች፤ በሕይወቷ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። ወይዘሮ ማሚት ጎረቤት ጠርተው አሳዩ።

«ጥምቀቱ ነው! ምን ድሬሰር፣ ምን መርፌ! የእግዜር ውሃ ነው ያዳናት» አሉ።

ውባንች ይህን በደብዳቤ ለባሏ አጻፈች። ቢሰጥ ደብዳቤውን ላቦራቶሪው ውስጥ ሦስቴ አነበበውና አለቀሰ። እቤት ሲገባ ጸጥታው ይከብደዋል፤ ከዓሣዎቹ አራቱ ሞተው ተንሳፍፈዋል። ወረቀት አወጣና «ድናለች ካልሽ እንግዲህ ነይልኝ፤ ቤቱ ባዶ ሆነብኝ» ብሎ ጻፈ። ሦስት ሳምንት አዋሽ ቆይተው በነሐሴ አጋማሽ መጡ።

በሳምንቱ የልጅቷ ከንፈር ተመልሶ ጠቆረ።

ቢሰጥ ፈቃድ ጠየቀ። የአሥረኛው ዓመት በዓል እስኪያልፍ ማንም ከሥራ አይለይም ተባለ። ጳጉሜን እንደምንም አለፈች። መስከረም ሁለት ቀን፣ የእርሻው መኪና ሁሉ ሰው ጭኖ ለሰልፍ በሄደበት ጠዋት፣ የዓለምወርቅ ጡጦዋን እምቢ አለች። ፊቷ በሙሉ የእርሳስ ቀለም ያዘ። ውባንች በነጠላዋ ጠቀለለቻት፤ ቢሰጥ ትኩስ ውሃ በፔርሙስና የዱቄት ወተቱን ያዘ። እስከ አስፋልቱ ግማሽ ሰዓት በእግር ሮጡ። ከአሰብ ነዳጅ ጭኖ የሚመጣ ቦቴ ቆመላቸው። ሹፌሩ የልጅቷን ፊት አንዴ ካየ በኋላ እስከ አዋሽ ድረስ የትም ሳይቆም ነዳ። መንገድ ላይ ትንሽ ነቃ አለች። ውባንች ጡጦውን አዘጋጅታ አፏ ላይ አደረገችላት፤ ሁለት ሦስቴ ዋጠች።

«ጠባች!» አለች ውባንች። «ቢሰጥ፣ ጠባች እኮ!»

አዋሽ ጤና ጣቢያ የነበረችው ነርስ ደም ልትወስድ ተረከዟን ወጋቻት። የወጣው ደም ቀይ አልነበረም፤ የቡና አተላ ይመስላል። ነርሷ ጥጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ ዞረች።

«እንዲህ ያለ ደም አይቼ አላውቅም» አለች።

ፊቷን ስትመልስ ልጅቷ መተንፈስ አቁማለች። በማግሥቱ አዋሽ ቀበሯት።

ውባንች ከወይዘሮ ማሚት ዘንድ ዐሥር ቀን ተቀምጣ ወደ ሰፈሩ ተመለሰች። አልጋው ጥግ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ቢሰጥ እጁን የሚያሳርፍበት አጣ። ገንዳው ውስጥ አንድም ዓሣ አልተረፈም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ውሃውን ሁሉ ደፋ፣ መስታወቱን በአመድ አሸ፣ በፀሐይ አደረቀ፤ ከዚያ ከፓምፑ በባልዲ እያመላለሰ ሞላው። ለምን እንደሚሞላው እንኳ አያውቅም ነበር። ከልማድ የተነሣ ብልቃጡን አንሥቶ ቀዳ፤ ጠርሙሷን ገለበጠ፤ ጠብታዎቹ ወደቁ።

ብልቃጡ ደም መሰለ።

ቆሞ አየው። በዚህ ውሃ ውስጥ ዓሣ የለም። የሚጸዳዳ፣ የሚበሰብስ ነገር የለም። ወጥቶ በሌላ ብልቃጥ ከፓምፑ አፍ በቀጥታ ቀዳ፤ ቀይ። ወደ ቦዩ ሄዶ ከጭቃማው ውሃ ቀዳ፤ ቢጫ። ጠርሙሷ በዚያ አለቀች።

እንግዲህ ሁለት ወር ሙሉ ገንዳውን አጠራለሁ እያለ በየባልዲው መርዙን ሲጨምርበት ኖሯል። ይህን ሲያስብ ገና ስለ ዓሣዎቹ ነበር የሚያስበው። ከዚያ ዓይኑ ምድጃው አጠገብ ወደ ተደፋው የልጅቷ ድስት ሄደ።

ላቦራቶሪው ገብቶ ስቶያን የተወውን ወፍራም የውሃ ምርመራ መጽሐፍ አወጣ። እንግሊዝኛውን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ናይትሬት ትልቅን ሰው እምብዛም አይጎዳም፤ ስድስት ወር ያልሞላውን፣ በጡጦ የሚያድገውን ሕፃን ግን ደሙን ያጠቁረዋል፤ ቆዳው ሰማያዊ ይሆናል፤ አየር እየሳበ ይታፈናል። ውሃው ቢለወጥለት ይድናል። ከሥሩ ደግሞ አንድ መስመር ነበረች፤ ማፍላት ናይትሬትን አያስወግድም፤ ውሃው ሲተን በቀረው ውስጥ ይበልጥ ይበረታል። ያቺን መስመር ካነበበ በኋላ መጽሐፉን ዘጋ።

ሰኞ ጠዋት ጓድ ከተማ ቢሮ ገባ። ሰውየው ተነሥተው ጨበጡት፣ ወንበር ሰጡት፤ ክፉ ሰው አልነበሩም።

«ጉድጓዱ ይዘጋ ነው የምትለኝ?»

«አዎ ጓድ። የድሮው መጋዘን ውስጥ በየክረምቱ የሟሟው ማዳበሪያ ነው ወደ ሥር የወረደው። ለሕፃን መርዝ ነው።»

ጓድ ከተማ መሳቢያ ስበው ወረቀት አወጡ። «ይኼ የማን ፊርማ ነው?»

«የኔ።»

«ለመጠጥ ተስማሚ ይላል።»

«ያኔ ጨዉን ብቻ ነው የለካሁት።»

«ዛሬስ በምን ለካህ?»

«በ... በዓሣ መመርመሪያ።»

«አለህ? ላየው?»

«አልቋል።»

ጓድ ከተማ ወረቀቱን ቀስ ብለው ወደ መሳቢያው መለሱት። «ቢሰጥ፣ ሐዘንህ ሐዘናችን ነው። ግን አብዮቱ ያስገኘውን ውሃ በዓሣ መድኃኒት ለክተን ዘጋነው ብዬ ለበላይ ልጻፍ? ናሙና ወደ አዲስ አበባ እንልካለን። እስከዚያ ወሬ እንዳትነዛ።»

ማታውን ለውባንች ጉድጓዱ መጥፎ እንደሆነ ነገራት። እሱ ራሱ ናይትሬቱን ሳይለካ እንደፈረመም ነገራት። ውባንች ከግድግዳው ዞራ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው።

«አፍልቼው ነበር እኮ» አለች። «በየጊዜው አፍልቼው ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ። ስለ ማፍላት ያነበባትን ያቺን መስመር ሆዱ ውስጥ ቀብሮ ሊኖር ለራሱ ማለ።

ኑራ ወንድ ልጅ ከወለደች አርባ ቀኗ ገና አልወጣም። ወተት አንሷት ከድሩ የዱቄት ወተት እንዳመጣላት ሰፈሩ ያወራል። ቢሰጥ ይህን የሰማ ጠዋት ሥራውን ጥሎ ወጣና ፓምፑ ጋ አገኛት። ሰባት ስምንት ሴቶች ወረፋ ይዘዋል።

«ኑራ፣ ለልጁ ከዚህ አትቅጂ። የቦዩን አጥልለሽ አፍልተሽ ስጪው።»

«የቦዩን ጭቃ? ኧረ ጋሽ ቢሰጥ!»

«ይኼኛው ሕፃን ይገድላል።»

ኑራ በርኅራኄ አየችው፤ ሐዘኑ አእምሮውን የነካው መስሏታል።

«አላህ ያጽናህ። እኔ ጥሬውን መቼ እሰጠዋለሁ? ልክ እንደ እቴ ውባንች ነው የማደርገው። ግማሹ እስኪያልቅ ነው የማንተከትከው።»

ቢሰጥ ሊመልስ ቀና ሲል ውባንችን አያት። ከወረፋው መጨረሻ ጀሪካን ይዛ ቆማለች፤ ከቀብሩ ወዲህ ከቤት የወጣችው ያን ቀን ነበር። ለራሱ የማለው ትዝ አለው። ኑራ ጀሪካኗን ወደ ፓምፑ አፍ አስጠጋች። ጀርባዋ ላይ የታዘለው ልጅ አናቱ ብቻ ይታያል።

«ኑራ» አለ። «ወጥ ላይ ጨው ቢበዛብሽና ብታንተከትኪው፣ ጨዉ ይቀንሳል?»

«ይብሳል እንጂ።»

«ይኼም እንደዚያው ነው። ባፈላሽው ቁጥር ይብሳል።»

ኑራ መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ እጇ ከፓምፑ እጀታ ላይ ወረደ፤ ቀስ ብላ ወደ ኋላዋ፣ ወደ ውባንች ዞረች። ሴቶቹ ሁሉ ዞሩ። ውባንች ባዶ ጀሪካኗን መሬት ላይ አስቀመጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ወደ ቤቷ ሄደች። አልሮጠችም፣ አልጮኸችም።

ቢሰጥ ተከትሏት ሲገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኛት።

«ቆሜ እንደነበርኩ አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«አይተኸኝ ነው የተናገርከው።»

«አዎ።»

መዳፎቿን አየች። «ደግ አደረግህ» አለች። «የኑራ ልጅ ምን አጠፋ።» ከዚያ ድምፅ የሌለው ልቅሶ አንሰፈሰፋት። እጁን ትከሻዋ ላይ ሲያሳርፍ አልገፋችውም፤ ወደ እሱም አልተጠጋችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕፃን ያላት ሴት ሁሉ ለልጇ ከቦይ ቀዳች። ቢሰጥ ወሬ በመንዛት ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት፤ የአንድ ወር ደመወዝም ተቀጣ። የተላከው ናሙና መልሱ የመጣው በዓመቱ ነው፤ ፓምፑ ያኔ ተነቀለ። የኑራ ልጅ አደገ።

ውባንች ግን ያን ድስት አጥባ መጣድ አልቻለችም። ውሃ ሲፈላ በሰማች ቁጥር ከቤት ትወጣለች። በጥቅምት መጨረሻ ወደ ወንድሟ፣ ወደ ደብረ ሲና ልሂድ አለች። ቢሰጥ እስከ አዋሽ ሸኛት። አውቶቡሱ ለምሳ በቆመበት ጊዜ አብረው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዱ። የልጃቸው መቃብር ላይ ድንጋይ እንጂ ጽሑፍ አልነበረም።

«ቦቴው ላይ ጠባች ብዬህ ነበር» አለች ውባንች። «ደስ ብሎኝ ነበር እኮ።»

«ፔርሙሱንና ወተቱን ከቤት ያነሣሁት እኔ ነኝ። አዋሽ ድና ሳለች ኑ ብዬ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። የፈረምኩትም እኔ ነኝ።»

«አንተ ፈረምክ። እጇ ላይ እጄን አድርጌ ያጠጣኋት እኔ ነኝ።»

«አታውቂም ነበር።»

«አንተስ ታውቅ ነበር?»

አንዳቸው የአንዳቸውን ሸክም ሊቀበሉ ቢታገሉም ሸክሙ ከማንም ላይ አልወርድ አለ። የአውቶቡሱ ጥሩንባ ተሰማ። ውባንች ጎንበስ ብላ ድንጋዩን ሳመች፤ ተነሥታ የባሏን ጉንጭ ሳመች።

«ጻፍልኝ» አለችው።

ጻፈላት። እሷም መለሰችለት፤ በመጀመሪያው ዓመት አራት ጊዜ፣ በሁለተኛው አንድ ጊዜ። ደብዳቤዎቿ ስለ ወንድሟ ልጆች፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ገብሱ የሚያወሩ ነበሩ። እመጣለሁ አላለችም፤ እሱም ነይልኝ ብሎ ዳግመኛ ሊጽፍ እጁ አልታዘዘለትም።